የመቀስ ጽዋ

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። በዚያ ሳምንት የፈራሁትን ብቆጥረው ግን የደረሰብኝ በመሃሉ አልነበረም። ባባ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ሶፓን ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛው ማሳ ሳያቆጠቁጥ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። አንድ ብርጭቆ ወይን ግን አልፈራሁም። የወይን ገበሬ ልጅ ወይን ልትፈራ ነው?

ስሜ ኬተኪ ነው። ባባ የምለው አባቴ ራንግናት በዲንዶሪ ሸለቆ አሥራ ሁለት ኤከር ወይን አለው። ከሦስት ዓመት ወዲህ የውሃው ቁልፍ የሚንጠለጠለው በእኔ አንገት ላይ ነው። ባባ ዕድሜውን ሙሉ ለአፍ የሚሆን ወይን ሲያመርት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ማጠጣት ማለት ለሱ እስኪጠግብ ማጠጣት ነው። ለጠመቃ የሚሆነው ወይን ግን ጥጋብ አይወድም። አብዝቶ የጠጣ ግንድ ፍሬው ያብጣል፣ ጣዕሙ ይቀጥናል፣ ጠማቂዎቹም ቀምሰው “ይሄ እኮ ውሃ ነው” ብለው ይመልሱታል። ሁለት ዓመት መለሱበት። በሦስተኛው ዓመት ጉድጓዳችን በሚያዝያ ደረቀ። ያኔ ከግብርና ኮሌጅ የተመለስኩት እኔ፣ በሚያዝያ ሐሩር ለአንድ ግንድ በቀን አሥር ሊትር፣ ፍሬው ቀለም ሲይዝ ደግሞ የዚያን ግማሽ ብቻ ብዬ ተከራከርኩት። ተሟገተ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

“እንኪ! አንድ ማሳ ያበላሸሽ ቀን ግን ቁልፉ ወደኔ፣ አንቺ ወደ ማጀት።”

ውሃው የሚከፈትበት መዘውር በየማሳው ራስ ላይ፣ ክዳን ባለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከእኔ በቀር ያንን ክዳን ለሥራ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ደብዳቤዎቻችን የሚቀመጡት እዚያ ነበር። ሶፓን በየጥቅምቱ የወይኑን ቅርንጫፍ በመቀስ ለመግረዝ ከሱርጋና ተራሮች የሚወርዱት ቆራጮች አለቃ ነው። አምስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረው፤ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። “ዛሬ ሰማያዊ ለብሰሽ አየሁሽና ሁለት ቅርንጫፍ በስህተት ቆረጥኩ። አባትሽ ከጠየቁ ጥፋቱ ያንቺ ነው” ብሎ የጻፈልኝን እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ።

የሱ ሰዎች በዘራቸው ዝቅ ተደርገው ስለሚታዩ፣ በግቢያችን የሚጠጡት ማንጎው ሥር ካለው እንስራ ነው። ብርጭቆአቸውም ለብቻው ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ከሱም ቢሆን ከንፈራቸውን ሳያስነኩ፣ ወደ ላይ አንስተው አፋቸው ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አያዛቸውም፣ ማንም ሲሳሳት ታይቶ አይታወቅም። ይህን ሁሉ እያየሁ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ለባባ “ሶፓንን ነው የምፈልገው” ያልኩት። ባባ የያዘውን ቂጣ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። አሥራ አንድ ቀን ዝም አለኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሱን ወደ ጓሮ አዙሮ፣ “የመቀሱን ጽዋ ዘንድሮ በረንዳ ላይ ነው የምሰጠው” አለ።

ልቤ በደስታ ሊቆም ነበር። በእኛ ሸለቆ የመጨረሻው ረድፍ ሲቆረጥ ባለ ማሳው ካለፈው ዓመት ፍሬው የተጠመቀውን አንድ ጠርሙስ ይከፍትና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለቆራጮቹ አለቃ ይሰጣል። አለቃው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። እምቢ ማለት ቤቱን እምቢ ማለት ነው። ሶፓን ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሞ፣ በዚያው በሚስማሩ ብርጭቆ ተቀብሏል። በረንዳ ላይ ማለት ግን ሌላ ነገር ነበር። እኔ ነኝ ጽዋውን በሰሃን ይዤ የምቀርበው፣ ልትታጭ ያለች ልጅ ለእንግዳ ሻይ እንደምታቀርበው።

* * *

ጥፋቴ የሰኞ ዕለት ነው።

በእኛ አገር ወይን አይተኛም። ብርድ ባለበት አገር ውርጭ ያስተኛዋል፣ ሙቀት ይቀሰቅሰዋል። እኛ ጋ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ በጥቅምት እንቆርጠውና፣ ቡቃያ የሚወጣባቸውን የቅርንጫፉን ዓይኖች አንድ በአንድ መቀስቀሻ ቀብተን፣ ውሃ ለቀን፣ ክረምቱ አለፈ ንቃ ብለን እናታልለዋለን። ካልተቀባ አንዱ ዓይን ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ይነቃል፤ የዘገየውን ፍሬ የመጋቢት ሐሩርና በረዶ ይበላዋል። መቀስቀሻው የተቀባው እንዲለይ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ክፉ መርዝ ነው። የቀባ ሰው ሰባት ቀን አልኮል አይቀምስም። ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ከአራት ዓመት በፊት የጎረቤታችን ቀቢ ሰርግ ቤት ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ፣ እየጨፈረ ሳለ ወድቆ አልተነሳም። አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው ቆራጮችና ቀቢዎች የማይደባለቁት። ቆራጭ ይጠጣል፣ ቀቢ አይጠጣም።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ማሳ ቀቡ ብዬ አዘዝኩ። ባባ ናሺክ ከተማ ሄዶ ነበር። የቀቢዎቹ አለቃ ጋንጉ ማውሺ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አክስት ሆና ስለያዘችኝ ማውሺ የምላት ሴት፣ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

“ታይ፣” አለችኝ፣ ‘እህቴ’ እንደ ማለት፣ “ዛሬስ ይቅርብን። ጉልበቴ እየነዘረኝ ነው፣ ይዘንባል።”

“ስልኬ ጠራራ ፀሐይ ነው የሚለው። ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪው ማውሺ።”

“ስልክሽ ጉልበት አለው እንዴ? እሺ እንግዲህ፣ የተማረ ይግደለን!”

ተሳሳቅን። አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። መቀስቀሻው አንድ ቀን ሙሉ ሳይርስ መዋል ነበረበት። ከፓምፕ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀዩ ውሃ ከየቅርንጫፉ እየተንጠባጠበ፣ በግንዱ እየወረደ፣ ቦይ ቦዩን ሲሄድ አየሁት። ስድስት መቶ ግንድ።

ሶፓን በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ መጣና ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ። ሁልጊዜም አንድ ክንድ ነው የሚርቀው።

“ባባ ካወቀ ቁልፉን ይወስደዋል” አልኩት። “ውሃ እንኳ መጠበቅ ያቃታት ሰው ባሏን እንዴት ትመርጣለች ይላል። የሐሙሱ የመቀስ ጽዋ ይቀራል ሶፓን። ሁሉም ይቀራል።”

“አይቀርም።”

“እንዴት አይቀርም? እያየኸው!”

“ተዪው ለኔ” አለ። ሊያጽናናኝ ያለው ቃል መሰለኝ። ዓይኖቹን ዓይኖቼ ላይ ትንሽ አቆይቶ፣ ወደ ዝናቡ ተመለሰ። ያቺ ትንሽ ቆይታ ያን ዕለት ራቴ ሆነች።

* * *

ማክሰኞ እጄን አፈሩ ውስጥ እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ውሃ ጠግቧል። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም እንደዚያው። ውሃ ካልተፈለገ መዘውር አይከፈትም፣ መዘውር ካልተከፈተ ክዳን አይነሳም። በሦስተኛው ማሳ በኩል ሳልፍማ ፊቴን አዞርኩ። የቀበሩትን ሰው መቃብር እንደ ማየት ሆነብኝ።

ሶፓን አላየኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ባጠገቡ ሳልፍ “ደህና ዋሉ፣ ታይ” ይለኛል፣ እንደ ማንም ቆራጭ።

ጋንጉ ማውሺ እንኳ ነቃችበት። “የተራራው ልጅ ምን ነካው? ዓይኑን እናቱ ቤት ረስቶ መጣ?” አለችና ቶሎ ወሬ ለወጠች።

ሰኞ ማሳ ያበላሸች ሴት አይቷል፤ ነገ ቤቱን ታበላሻለች ብሎ አስቦ ይሆናል አልኩ። ለዲዋሊ በዓል ወደ አገሩ ሲወጣ አይመለስም ይሆናል አልኩ። ሰው ፈሪ ከሆነ ደራሲ ነው፤ የሌለ ነገር እየጻፈ ያለቅሳል።

* * *

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ረድፍ ተቆረጠ። ቆራጮቹ ግቢው ውስጥ ቆሙ። ሶፓን የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን ደረጃው ሥር አውልቆ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳችን ላይ ወጣ። ባባ ወንበር አሳየው። ጫፉ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደበቀ።

“ስንት ረድፍ?” አለ ባባ።

“መቶ አርባ አራት፣ ጌታዬ።”

“የጎደለ?”

“የጎደለ የለም።”

ባባ ወደ ቤት ገብቶ የከፈተውን ጠርሙስ ሰጠኝ። እኔ ወጥ ቤት ቀድቼ በሰሃን ይዤ ወጣሁ። የሚያምር ቀይ ነበር። ሰሃኑን ወደ ሶፓን ዘረጋሁ። እሱ ግን አላነሳውም። ብርጭቆውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሦስት ቀን የነፈገኝን ሁሉ በአንዴ አየኝ፤ አንድ ነገር እየጠየቀኝ እንደነበር ገብቶኛል። ምን እንደሚጠይቀኝ ግን በገዛ ፍርሃቴ ተረጎምኩት። እያመነታ ነው አልኩ። ይህን ጽዋ ከጠጣ የዚህ ቤት መሆኑ ነው፤ ሊሸሽ ነው አልኩ። ግቢው በሙሉ ያያል። ባባ ያያል።

“ጠጣ እንጂ፣ ሶፓን” አልኩት።

ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀው። ፈገግ አለ። ብርጭቆውን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሲያወርደው ፈገግታው የለም። ባዶውን ብርጭቆ ትኩር ብሎ አየው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ መሬቱን።

ቆራጮቹ አጨበጨቡ። ባባ አላጨበጨበም።

ጭብጨባው ሳያልቅ ቅላቱ ከአንገቱ ጀመረ። ወደ ጆሮው ወጣ፣ ወደ ግንባሩ ወጣ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ በልቡ ምት ከፍ ዝቅ ሲል ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ያንን ቅላት አውቀዋለሁ። ሰርግ ቤት አይቼዋለሁ።

“ሶፓን! መቀስቀሻ ነክተሃል?” ጮህኩ።

ራሱን ነቀነቀ። “አልነካሁም፣ ታይ። ሙቀቱ ነው።” ሊነሳ ሲል ከወንበሩ ጋር ተንከባለለ።

እጁን ያዝኩት። ባደባባይ፣ በባባ ፊት፣ በሁሉም ፊት እጁን ያዝኩት። የታጠበ ነው፣ በሎሚ የተፈተገ ነው። በጥፍሮቹ ሥር ግን ቀይ ነበር። አሥሩም።

“አልነካሁም” አለ እንደገና፣ ትንፋሽ እየቆረጠው።

ያኔ ነው ያልተነሳው ክዳን ትዝ ያለኝ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሦስተኛው ማሳ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ባዶ እግሬን ደረስኩ። በመንገዴ ቀና ስል ዓይኖቹ ሁሉ፣ የስድስት መቶው ግንድ ዓይኖች ሁሉ፣ እንደ አዲስ ቀይ ተቀብተዋል። ክዳኑን አነሳሁት። ወረቀቱ እርጥበት ነክቶት መዘውሩ ላይ ተለጥፎ ነበር።

“ኬተኪ፣ ዛሬና ነገ ጎህ ሲቀድ ማሳሽን ብቻዬን ደግሜ እቀባዋለሁ። ጋንጉ ማውሺ ከበርሜሉ የተረፈውን ሰጥታኛለች፣ አትናገርም። ቁልፉ አንገትሽ ላይ ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የሐሙሱን ጽዋ መጠጣት አልችልም። ለምን እንደሆነ ብናገር ደግሞ ያንቺ ነገር ይወጣል። ጽዋውን የምታቀርቢው አንቺ ነሽና የወይን ጭማቂ ቅጂልኝ፣ በቀለም አይለይም። ካልሆነልሽ አትናገሪ፣ ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ። እኔ እምቢ እላለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ጠጣ ካልሽኝ ግን አምኜሽ እጠጣለሁ።”

ጠጣ ብዬዋለሁ። በገዛ አፌ። ከቀዮቹ የወይን ዓይኖች መሃል ቆሜ የጮህኩትን ጩኸት ዛሬም አንዳንዴ እሰማዋለሁ።

* * *

ባባ ፒካፑን እንደዚያ ሲነዳ አይቼ አላውቅም። ሶፓን ከኋላ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ቅላቱ አልፎ አሁን አመድ መስሏል፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ልቡ ከእጄ ሥር እንደታሰረ ወፍ ይራገጣል። አንዳንዴ ይስታል፣ ዝም ይላል፣ እኔም አብሬው ዝም እላለሁ፣ እንደገና ይጀምራል። በመስኮቱ በኩል ለባባ ጀርባ ሁሉንም ነገርኩት። የሰኞውን ዝናብ፣ በጋንጉ ማውሺ ጉልበት መሳቄን፣ ደብዳቤውን፣ የሌሎቹንም ደብዳቤዎች ሁሉ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ በመስኮቱ አሾልኬ አጠገቡ ወንበር ላይ ጣልኩት።

“ውሰደው ባባ። እሱ ብቻ ይዳን።”

ባባ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

የክሊኒኩ ሐኪም ወጣት ነው፣ የሸለቆው ልጅ ነው፣ ሳላስረዳው ገባው። “ማርከሻ የለውም” አለን። “ልቡን እየጠበቅን፣ ኦክስጅንና ጉሉኮስ እየሰጠን መርዙን ማሳለፍ ነው። ምን እንደነካ ባትነግሩኝ ኖሮ የሰካራም መርፌ ወግቼ ወደ ቤት እልከው ነበር።” ከዚያ በሩን ዘጋብን።

ኮሪደሩ ላይ ባባና እኔ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ግርጌ ስትደርስ ባባ ተናገረ።

“ሰኞ ስመለስ ቀዩ ውሃ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር።”

ዞሬ አየሁት።

“ጎማዬ በላዩ ሄደ። የሦስተኛው ማሳ እንደሆነ አውቄአለሁ። ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ማክሰኞ ጠበቅሁ፣ ረቡዕ ጠበቅሁ። ዛሬ ብርጭቆውን ሲያነሳ ጥፍሩን አየሁት።”

“ባባ...”

“እንግዲህ መናገሩ ነው፣ አልጠጣም ሊል ነው፣ ከሁለት አንዳቸው እውነቱን ሊነግሩኝ ነው ብዬ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ። አንድ ትንፋሽ ብቻ፣ ኬተኪ። እሱም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።”

ዝም አይነቅዝም የሚለው ራሱ ባባ ነው፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ብሎኛል። አባቴን ፈራሁት። ከዚያ ፊቱን ሳየው ከእኔ ይበልጥ ራሱን እንደፈራ ገባኝ። እጄን እጁ ላይ ላሳርፍ አላሳርፍ አላወቅሁም፣ ሳላሳርፍ ቀረሁ።

* * *

ከመሸ በኋላ ግቡ አሉን። ሶፓን ትራስ ተደግፏል፣ ፊቱ ተሟጧል፣ ዓይኖቹ ግን ክፍት ናቸው። ባባ በሩ ላይ ቀረ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ያ አንድ ክንድ አሁን የለም።

“ለምን ተናገርሽ?” አለኝ በሹክሹክታ። “ቁልፉ...”

“ደብዳቤህን አላየሁትም። አፈሩ እርጥብ ነበር፣ ክዳኑን አላነሳሁትም። አላየሁትም ሶፓን!”

“ወይን መሆኑን ስቀምሰው...” አለ፣ “ቁልፉን የመረጥሽ መስሎኝ ነበር።”

“እንደዚያ መስሎህ ነው አልነካሁም ብለህ የካድከው?”

“ከመረጥሽው አይቀር ቁልፉ ይቆይልሽ ብዬ።”

አለቀስኩ። ባባ ባለበት፣ ነርሷ ባለችበት፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ሶፓን እጁን ሊያነሳ ሞክሮ አቃተው፣ ቀያዮቹ ጣቶች አንሶላው ላይ ወደ እኔ ተሳቡ።

“ውሃ” አለ በመጨረሻ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ማሰሮና አንድ ብርጭቆ ነበሩ። እኔ ሳልነሳ ባባ ቀድቶ ይዞ መጣ። ሶፓን ብርጭቆውን አየ። ከእኛ ቤት ሰው እጅ በዚያ ቀን የቀረበለት ሁለተኛው ብርጭቆ መሆኑ ነው። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ወደ እኔ መጣ፣ በረንዳው ላይ እንደመጣው ዓይነት፣ አሁን ግን አነበብኩት። ፈርቶ ነበር።

ባባም አነበበው። ብርጭቆውን ወደ ራሱ አፍ መለሰና አንዴ ተጎነጨ፣ ዋጠ፣ ከዚያ ሰጠው።

ሶፓን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ብርጭቆውን ከከንፈሩ አራቀና ወደ ላይ አነሳው። ውሃው አገጩ ላይ ፈሰሰ።

“አፍህን አስጠግተህ ጠጣ” አለ ባባ።

አስጠግቶ ጠጣ። ግማሹ ሲቀር ደከመውና አወረደው። ባባ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደ፣ ጠርዙን ሳይጠርግ የተረፈውን ጠጣው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን አወጣና፣ ፊቴን ሳያይ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

“ነገ ውሃ አለ?”

“አፈሩ እየደረቀ ነው ባባ። ነገ ይከፈታል።”

“ክዳኑን በየቀኑ አንሺው” አለ። “ዘነበም አልዘነበም።”

“እሺ” አልኩና ቁልፉን መልሼ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት።